የጫማ ቁጥርዎ ስንት ነው?

አንባቢ ሆይ፣ ስምዎ «አቶ/ወ/ሮ/ወ/ሪት» ሆኖ ያውቃል? የእኔ ሆኗል።

እኔ ስለ እግር ኳስ የምጽፍ ጋዜጠኛ ነኝ። የአንድ ቀለም ፋብሪካ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ የሆነው ጌታሁን ግን በየሳምንቱ «ይድረስ ለአቶ/ወ/ሮ/ወ/ሪት» የሚል መግለጫ ይልክልኛል። ቀለምና እግር ኳስ ምን አገናኛቸው? የማሊያ ቀለም ይሆን ብዬ ነበር፤ የግድግዳ ነው። ልኮም አያበቃም፤ ይደውላል። «ጋሼ፣ መግለጫችን ደረሰዎት?»

ባለፈው ሰኞ ፒያሳ ማኪያቶ ጋበዘኝና አንገቱን ደፋ። «ጋሼ፣ ሐሙስ አዲሱን ቀለም ስናስተዋውቅ ጋዜጠኛ ካልመጣ ሥራህን ልቀቅ ተብያለሁ።»

አሳዘነኝ። ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ጫማ ዘርግቶ ወደሚሸጥ ሰው ወሰድኩት። ሻጩ አላፊ አግዳሚውን ሁሉ አይጠራም፤ መጀመሪያ እግር እግሩን ያያል። የጌታሁንን የተንሻፈፈ ጫማ አየና፣ «ወንድሜ፣ ቁጥርህ ስንት ነው?» አለው። ጌታሁን ሳያስበው ገዛ።

«አየህ?» አልኩት። «መጀመሪያ ስለ ሰውየው ጠየቀ፤ ከዚያ ሸጠ።»

«ገባኝ ጋሼ» አለና ማስታወሻው ላይ ጻፈው። እኔም ለሙያው ትልቅ ውለታ እንደዋለ ሰው ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ በከተማው ላለ ጋዜጠኛ ሁሉ አንድ መልእክት ደረሰ። «ይድረስ ለአቶ/ወ/ሮ/ወ/ሪት፦ የጫማ ቁጥርዎን በአስቸኳይ ይላኩልን።»

ባልደረቦቼ ሳቁ። እኔ ግን «አርባ ሁለት» ብዬ መለስኩ። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ የሕዝብ ግንኙነት ሰው ስለ እኔ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነው።