«የለም» የማትል ሞግዚት

(ሸማ ተራ። የዛኪርንና የሙናዊርን ሱቅ የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ነው። ዛኪር በንግድ የሚበልጠው ሰው ገና እንዳልተወለደ ያምናል፤ ሙናዊር ደግሞ የተነገረውን ሁሉ ያምናል። ዛሬ ዛኪር ገበያተኛ ከሙናዊር ሱቅ ባዶ እጇን ስትመለስ አይቶ ተናዶ ገብቷል።)

ዛኪር፦ ሴትዮዋን ምን ብለህ ነው የመለስካት?

ሙናዊር፦ አረንጓዴ ጥለት ነጠላ ፈለገች። የለም አልኳት።

ዛኪር፦ የለም?!

ሙናዊር፦ የለማ! ምን ላድርግ?

ዛኪር፦ መርካቶ ተቀምጠህ «የለም»! «አለ፣ አረፍ በይ» ትላትና ከጎረቤት አምጥተህ ትሸጥላታለህ፤ ትርፏን ከጎረቤትህ ጋር ትካፈላለህ። ስንቴ ልንገርህ?

ሙናዊር፦ በነጠላ አልሆነልኝም። በልጅ ግን ጀምሬያለሁ።

ዛኪር፦ በምን?

(ከጋቢው ክምር ጀርባ ሕፃን ያለቅሳል።)

ዛኪር፦ ያረቢ! ሰሞኑን በቆርቆሮው የሚያደነቁረኝ ይሄ ነው? እኔኮ ድመት መስሎኝ!

ሙናዊር፦ ቀስ በል፣ አሁን ነው ያስተኛኋት።

ዛኪር፦ አንተ ወንደላጤ፣ ልጅ ከየት አመጣህ?

ሙናዊር፦ ሻይ የምትሸጠዋ ጤናዬ ናት የሰጠችኝ። ጠዋት ታመጣታለች፣ ማታ ትወስዳታለች። ትንሽ ነገርም ትሰጠኛለች።

ዛኪር፦ የጤናዬ ልጅ ናት?

ሙናዊር፦ አይደለችም። ለሷም የሰጠቻት ልጅ የምታውል ሴትዮ ናት። ቤቷ ጢም ብሏል አሉ። ወላጅ ሲመጣ ግን «ቦታ የለም» አትልም። «አለ» ብላ ሒሳቧን ትቀበልና ልጁን ለሌላ ታስተላልፋለች።

ዛኪር፦ (ጭኑን እየመታ ይስቃል) ይቺ ናት ነጋዴ! ተማር ከሷ! አባትየው ግን ምን ዓይነት ጅል ነው?

ሙናዊር፦ ምስኪን ነው እንጂ።

ዛኪር፦ ጅል ነው! እኔን እይ። የቤት ሠራተኛው ሁሉ ቤሩትና ዱባይ ሲሄድ ባለቤቴ ናኢማ «ሞግዚት ካጣን ስፌቴን ትቼ ቤት ልቀመጥ» ብላ አለቀሰች። በሷ ስፌት ነው የምንበላው፤ የኔ ሱቅ ኪራዩን ከቻለ ይበቃል። ስንቱ ደጅ «ሞልቷል» ብሎ መለሰኝ! በመጨረሻ እህል በረንዳ ጀርባ እትዬ በለጥሻቸውን አገኘሁ። ውድ ናት፤ የሱቁን ትርፍ ግማሽ ትወስዳለች። ግን «ቦታ አለ?» ስላት ዓይኗን ሳታሽ «አለ» አለችኝ!

ሙናዊር፦ ወዲያው?

ዛኪር፦ ወዲያው! ጨርሼ እንኳ አልጠየቅኳትም።

ሙናዊር፦ (ያስባል። ማሰብ ለሱ ጊዜ ይወስድበታል።) ልጅህን እዚያ ስትውል አይተሃታል?

ዛኪር፦ ጠዋት ናኢማ ታደርሳታለች፤ እኔ ማታ ስገባ ተኝታ ትቆየኛለች። የት አያታለሁ?

ሙናዊር፦ እንግዲያው… አንድ ነገር ልልህ እያሰብኩ፣ እንዳትቆጣኝ ብዬ ትቼው ነበር።

ዛኪር፦ ምን?

ሙናዊር፦ ልጅቷ አንተን ትመስላለች።

(ዛኪር ጋቢውን ገለጠ። ናኢማ ራሷ የሰፋችላትን ቀይ ቀሚስ ለብሳ የገዛ ልጁ ኢክራ ቁጭ ብላለች።)

ዛኪር፦ ኢክራ! ልጄ! ነይ ወደ አባ!

(ልጅቷ አየችው። ደህና አድርጋ አየችው። ከዚያ ዞራ የሙናዊር አንገት ላይ ተጠመጠመች። ዛኪር አፈረ፤ ከማፈሩም በላይ ከፋው።)

ዛኪር፦ ስጠኝ ልጄን!

ሙናዊር፦ አልሰጥም። «ያስቀመጠው ሰው ሳይመጣ የአደራ ዕቃ አትስጥ» ያልከኝ አንተ ነህ።

ዛኪር፦ አባቷ ነኝ እኮ!

ሙናዊር፦ እሷ እንደዚያ አላለችም።

ዛኪር፦ (ድምፁ ዝቅ ብሎ) ለናኢማ ምን ብዬ ልንገራት? ልጅቷን ሰው ዘንድ ከሰጠኋት ይኸው፤ ካልሰጠኋት የናኢማ ስፌት ይቆማል…

ሙናዊር፦ እስቲ ቁጭ በል። የዙሁር ሶላት ደርሷል፣ መስጊድ ደርሼ ልምጣ። እስክመለስ ልጅቷን ያዝልኝ።

ዛኪር፦ እኔ?

ሙናዊር፦ በነፃ አይደለም። ከጎረቤት ጋር ትርፏን ተካፈል ብለኸኝ የለ? ጤናዬ ከምትሰጠኝ ላይ ድርሻህን እሰጥሃለሁ።