የእድራችን መኪና ወደ ግራ ስለማዘንበሏ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ መካነ ሰላም፣ የሊቀመንበሩ ግቢ፣ ከመኪናዋ አጠገብ

የተገኙ፦
አቶ ንጉሡ፣ ሊቀመንበር
መሪጌታ ቃለ ክርስቶስ፣ አባል
አቶ ወንድዬ፣ ሹፌር
ወ/ሮ አሰጋሽ፣ አባል (መኪናዋ ውስጥ ተቀምጠው)
ሥርጉት፣ ጸሐፊ

ወ/ሮ አሰጋሽ ከመኪና ሳይወርዱ ይቆጠራሉ ወይ የሚል ጥያቄ ተነስቶ፣ መስኮቱን ስለከፈቱ ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱ ተረጋግጧል።

አጀንዳ 1፦ የመኪናዋን ቁመት ስለመለካት

ሹፌሩ መኪናዋ በግራ በኩል ዝቅ እንዳለችና ነገ ወ/ሮ አሰጋሽን ለዓይን ቀዶ ሕክምና ደሴ ከማድረሷ በፊት መታየት እንዳለባት አስረዱ። አለካኩም የጎማዎቹን ነፋስ እኩል አድርጎ፣ መኪናዋን ባዶዋን ደልዳላ ቦታ አቁሞ፣ ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው (የጎማው ሽፋን) ጠርዝ ያለውን በግራና በቀኝ ማስተያየት ነው ብለዋል።

ሊቀመንበሩ ግቢያቸው ደልዳላ መሆኑን ገለጹ። መሪጌታ ታዲያ የክረምቱ ጎርፍ ሁልጊዜ ከግቢዎ ወጥቶ እኔ ቤት የሚገባው ስለምንድን ነው ሲሉ ጠየቁ። ጥያቄው ከአጀንዳ ውጭ ነው ተባለ። ከረጅም ውይይት በኋላ ግቢው ለዛሬ ደልዳላ እንዲሆን በድምፅ ብልጫ ተወሰነ።

መኪናዋ ባዶ ትሁን ስለተባለ ወ/ሮ አሰጋሽ እንዲወርዱ ተጠየቁ፤ አልወርድም አሉ። ለምልዓተ ጉባኤ የተቆጠሩት ለክብደት እንዳይቆጠሩ ተወሰነ።

ሜትር ባለመገኘቱ በገመድ ተለካ። የኋላው ግራ ከቀኙ በአራት ጣት ዝቅ ብሎ ተገኘ። መሪጌታ የማን ጣት እንደሆነ ይመዝገብልኝ አሉ። የሹፌሩ ነው።

አጀንዳ 2፦ መፍትሔ

ክብደት የሚሸከመው የግራው ባሌስትራ እንዲቀየር፣ እስከዚያም የነገው ጉዞ እንዲቀር ተወሰነ።

ወ/ሮ አሰጋሽ ዕድል ተሰጥቷቸው የሚከተለውን ተናገሩ፦ «በፊተኛው ቀጠሮ ቦታ ጠቧል፣ ለጊዜው ይውረዱ አላችሁኝ። ወረድኩ። መኪናዋ ሄደች። የልጅ ልጄ ክርስትና ሲነሳ በእጄ ዳሰስኩት እንጂ ፊቱን አላየሁትም። ይኸው ነው።»



ሹፌሩ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብለው «አብሽሩ እማማ። ቁልፉን እርስዎ ይያዙት፤ ያለ እርስዎ የትም አልሄድም» አሉ። ወ/ሮ አሰጋሽ ቁልፉን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወረዱ። ከተቀመጡበት ከኋላው ግራ ወንበር ስር ደሴ ለሚያሳድሯቸው ሰዎች ያሰናዱት ሁለት ኬሻ ገብስ ተገኝቶ፣ እሱም ወረደ። እንደገና ሲለካ ግራና ቀኙ እኩል ሆነ። ሊቀመንበሩ ይህንን ቀድሞም ጠርጥረው እንደነበር እንዲመዘገብላቸው ጠይቀዋል፤ ተመዝግቧል።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ በዛሬው ዕለት የተወሰነው በሙሉ ተሽሯል። ገብሱ በሁለቱም ጎን ተከፍሎ ይጫን። ጉባኤው ከቀኑ 11፡20 ተበትኗል። መኪናዋ ነገ የምትነሳበትን ሰዓት ቁልፉን የያዙት ወ/ሮ አሰጋሽ ያስታውቃሉ።