ሲጫኗት የምትቆም ማሽን

እኛ አዲስ አበቤዎች ዕቃ ብቻችንን አንገዛም። ሽንኩርት ስንመርጥ እንኳ አጠገባችን የቆመችውን የማናውቃትን ሴት «ይሄ ጥሩ ነው?» ብለን ካልጠየቅን ልባችን አያርፍም። ዕቃው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነማ፣ «አዋቂ» የሚባል ሰው ካላስከተልን ከሱቁ በር እንመለሳለን። አዋቂ ማለት፣ መቼም ታውቁታላችሁ፣ እያንዳንዱ ሰፈር ቢያንስ አንድ አለው። ማን እንደሾመው አይታወቅም። ተሳስቶም አያውቅም፤ ያስገዛችሁ ዕቃ በሳምንቱ ቢቃጠል «አያያዙን አላወቃችሁበትም» ይላችኋል እንጂ። ምርመራው ደግሞ አጭር ነው። ዕቃውን ብድግ ያደርገዋል። ከከበደው ጥሩ ነው። ከቀለለው «ይሄ ፕላስቲክ ነው፣ ተይው» ይላል። በቃ። ካውያም ይሁን ቴሌቪዥን፣ መለኪያው የአዋቂው ክንድ ነው።

እኔ ደግሞ የተገላቢጦሽ በሽታ አለብኝ፤ አነባለሁ። ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ብሆንም የተጻፈ ነገር አይቼ ማለፍ አልችልም። ስኳር የተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ የምትታጠፈዋ ወረቀት፣ የሰው የሠርግ ጥሪ፣ ምኑ ቅጡ። እንግሊዝኛውንም መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ ተያይዤዋለሁ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ «አንቺ እኮ መቃብሬ ላይ የተጻፈውን ሳታርሚ አታለቅሽም» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው። አሳረምኩ፣ ከዚያ አለቀስኩ።

ነገሩን ያመጣችው ታናሽ እህቴ ሙሉ ናት። ሙሉ ካዛንቺስ ውስጥ ቁርስ ቤት ነበራት። ሰፈሩ ሲነሣ ቁርስ ቤቱም ተነሣ፤ ጠዋት ጠዋት ፉሏን ሳይቀምሱ ቢሮ የማይገቡት ደንበኞቿም በከተማው ዳር ለዳር ተበተኑ። ሌላ ሰው ቢሆን ቁጭ ብሎ ያለቅስ ነበር። እሷም አልቅሳለች፤ ግን ቆማ ነው። ከዚያ ላንቻ አንድ ግቢ ውስጥ ጥግ ተከራየችና ላቫጆ ከፈተች። አዎ፣ መኪና ማጠቢያ! የአርባ አምስት ዓመት ሴትዮ፣ የፕላስቲክ ቦቲ ተጫምታ፣ የውሃ ጎማ ይዛ። መጀመሪያ ሰው ሊስቅባት ይመጣ ነበር። ሲመጣ ግን መኪናውን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ታጥባለታለች።

አንድ ቀን የግቢው ባለቤት ጉሮሮውን ጠረገና «ሙሉ፣ እጥበት እኮ አሁን የትም አለ። ፖሊሽ የሚሠራ፣ የመኪና ቀለም በማሽን የሚያንጸባርቅ ሰው ቦታውን ጠይቆኛል። አንቺ እስከ መስቀል ፖሊሽ ከጀመርሽ ያንቺው ነው፤ ካልሆነ እንግዲህ አትቀየሚኝ» አላት። እህቴ በሁለት ዓመት ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ቦታዋን ልትለቅ ነው ማለት ነው። የዚያን ዕለት ስታወራኝ የሻይ ማንኪያዬን አጣመመችው። ሙሉ ስትፈራ እጇ ይጫናል፤ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲሁ ናት። ፈተና ሲደርስ ቤታችን ውስጥ እርሳስ አይተርፍም ነበር። ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ትፈለጋለች።

ደግነቱ የመጀመሪያዋ ደንበኛ ሳትጠራ መጣች። ወይዘሮ ራሔል ትባላለች፣ ቢሮዋ ኦሎምፒያ ነው። ጥቁር መኪና አላት፤ ጥላ ውስጥ ሲያዩዋት ሙሽራ፣ ፀሐይ ላይ ሲያዩዋት የሸረሪት ድር የለበሰች። አሸዋ የያዘ ጨርቅ ስንት ዘመን ሲፈትጋት ኖሮ ቀለሟ በስስ ጭረት ተሸፍኗል።

«ሙሉዬ፣ የፖሊሽሽ መጀመሪያ የኔ መኪና ትሁን» አለች። «ካማረች የቢሮዬን ሰዎች እየነዳሁ አመጣልሻለሁ። ቀለሟ ከተቃጠለ ግን፣ ማለቴ፣ ምን እንደምሠራ ታውቂያለሽ አይደል?»

ጠበቃ ናት። እናውቃለን።

የቀረው ማሽኑን መግዛት ነው። እንግዲህ አዋቂ ተፈለገ። የኛ አዋቂ ጋሽ ለማ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት የመሥሪያ ቤት ሹፌር ሆነው ኖረው ጡረታ የወጡ። ነጭ አሮጌ መኪና አለቻቸው፤ «ከነፋብሪካ ቀለሟ ናት፣ የሰው እጅ አልነካትም» ሲሉ ሽማግሌ የተላከበት የሴት ልጅ አባት ይመስላሉ። በዚያችው መኪና ይዘውን ሄዱ። እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ። መንጃ ፈቃድ የሌላት ሴት ሌላ የት ትቀመጣለች?

ባለሱቁ ሸምሱ ሁለት ማሽኖች ባንኮኒው ላይ አወጣ። ጋሽ ለማ አንደኛዋን ብድግ አደረጉ፤ የአንገታቸው ሥር ተገተረ። ሁለተኛዋን አነሡ፤ ምንም አልተገተረም።

«ይቺ ናት!» አሉ ከባዷን እየደበደቡ። «ብረት! ዕቃ ማለት እንዲህ ነው።»

እኔ መቼም በሽታዬ ነው፣ የሁለቱንም ካርቶን ከፍቼ ወረቀቶቹን ማንበብ ጀምሬያለሁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ከባዷ ባንድ ቦታ ላይ እንደ እንዝርት ትሾራለች። ፈጣን ናት፤ የሠለጠነ እጅ ከያዛት ተአምር ትሠራለች፤ ያልሠለጠነ እጅ አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ካቆያት ግን ቀለሙን አግላ ትልጠዋለች። ቀላሏ እየዞረች ወዲያና ወዲህ ትወዛወዛለች፤ ስለዚህ ሙቀቱ አንድ ቦታ አይከማችም። ሥራዋ ዘገም ያለ ነው፤ ግን ለጀማሪ የተሠራች ናት። ይህንኑ ተናገርኩ። ሸምሱ በአንገቱ ደገፈኝ፤ ነጋዴ ስለሆነ ግን ጋሽ ለማንም በአንገቱ ደገፋቸው።

ጋሽ ለማ ቀላሏን ሶኬት ላይ ሰክተው ባንኮኒው ላይ ጫን አደረጓት። መዞሯን አቆመች።

«አየሽ አይደል?» አሉ በድል። «ስትጫኛት የምትቆም! ሰነፍ! እኔ ሠላሳ ዓመት መኪና ላይ ኖሬያለሁ፤ አንቺ ደግሞ ወረቀት ታነቢልኛለሽ።»

ይቅርታ አድርጉልኝና እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ሲጫኑት የሚቆም ነገር ለምንድን ነው ሁልጊዜ ሰነፍ የሚመስለን? ሠራተኛዋ ስንጫናት ካልቆመች ጎበዝ፤ ምራቲቱ ስንጫናት ካልቆመች ጨዋ፤ ኋላ አንድ ቀን ቀለማቸው ሲላጥ «ምን ነካት?» እንላለን። ወደ ሱቁ ልመልሳችሁ።

ሙሉን አየኋት። ዓይኗ ከባዷ ላይ ነው። እኔ እህቷ ነኝ፣ የማነብ ነኝ፣ ግን ሴት ነኝ፤ እሳቸው አዋቂ ናቸው። የማሽኗን እጀታ ይዛ ጣቶቿ ነጭ እስኪሆኑ ጨብጣዋለች። እርሳሶቹ ትዝ አሉኝ።

«ጋሽ ለማ፣ ልክ ነዎት» አልኩ። ሙሉ ደነገጠች፤ እንዲህ ስል ሰምታኝ አታውቅም። «ከባዷን እንወስዳለን። ግን ሞክረን እንውሰዳት። መኪናዎ ደጅ ናት፤ ሸምሱ የገመድ ማራዘሚያ አያጣም። ሙሉ ኮፈኑ ላይ ትንሽ ታሹርባትና እንየው።»

ሸምሱ ማራዘሚያውን ፍለጋ ጎንበስ ሊል ሲል ጋሽ ለማ እጃቸውን ዘረጉ።

«ቆይ! ቆይ እስቲ! የፋብሪካ ቀለም እኮ ነው!»

«ታዲያ ጥሩ ማሽን ናት አላሉም?»

«ጥሩ ናት። ለሥራ ጥሩ ናት።» መኪናቸውን በመስታወቱ አሻግረው አዩ፣ ከዚያ ሙሉን አዩ፣ ከዚያ ቀላሏን ማሽን ወደኛ ገፋ አደረጓት። «መሞከሩ ካልቀረ ... በዚችኛዋ ይሁን።»

ሙሉ ሳቀች። ቁርስ ቤቷ ከተዘጋ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አልሰማኋትም። «ሸምሱ፣ ቀላሏን ጠቅልልልኝ» አለች። «መኪናውን ይተውት፣ ጋሼ። አሳይተውኛል።»

አንድ ሳምንት ሙሉ ከጋራዥ በለመነችው የተጣለ ኮፈን ላይ ተለማመደች። ከዚያ ጥቁሯ መኪና መጣች። ግቢ ውስጥ ሥራ ፈትቶ ማስቲካ የሚያኝክ ሁሉ ሊያይ ቆመ፤ የግቢው ባለቤትም ምክንያት ፈልጎ ወጣ። ሙሉ ማሽኗን የመኪናዋ በር ላይ አሳረፈች፣ ሰው ሲያያት ፈራች፣ ተጫነች። ማሽኗ ቆመች። ላላ ስታደርጋት ዞረች። እንደገና ፈራች፣ እንደገና ቆመች። እኔ ጥግ ላይ ጥፍሬን እየበላሁ ነበር። ቀስ በቀስ ግን የእህቴ ትከሻ ሲወርድ አየሁ። አርባ አምስት ዓመት «አትፍሪ» ስንላት ያልሰማችውን ያቺ የሁለት ኪሎ ዕቃ ያለ ንግግር አስተማረቻት። ከቀትር በኋላ በሩ ላይ ሰማዩ ታየ፤ ደመናው ሳይቀር።

ወይዘሮ ራሔል መጥታ መኪናዋን ሁለት ጊዜ ዞረቻት። ቦርሳዋን ከፈተች፤ ሙሉ ለክስ ፎቶ ልታነሣበት ስልክ ልታወጣ ነው ብላ ቀለሟ ጠፋ። ሊፕስቲክ ነው። ጎንበስ አለችና በጥቁሩ በር ላይ እያየች ከንፈሯን ተቀባች፤ ከዚያ ቁልፏን ተቀብላ «ሰኞ የአለቃዬ መኪና ትመጣለች፣ ቦታ ያዥላት» አለች። የግቢው ባለቤት ያን ጊዜ ጉሮሮውን አልጠረገም። «ጣራውን ከፍ ላድርግልሽ እንዴ?» አለ።

ከመስቀል በኋላ ባለው ቅዳሜ ጋሽ ለማ ነጯን መኪና ይዘው መጡ። ገመዱን ራሳቸው ያዙላት፤ ለሚያልፈው ሰው ሁሉ ደግሞ «ማሽኗን የመረጥኩላት እኔ ነኝ» ይላሉ። ውሸት ነው እንዴት እላለሁ? እሳቸው ናቸው የመረጡት።

አዋቂ የመባሉ ወሬ ግን እኔንም ደረሰኝ። ባለፈው ጎረቤቴ ጽጌ የጁስ መፍጫ ልትገዛ «አዋቂ ነሽ አሉ፣ ነይ አብረን እንሂድ» ብላ ይዛኝ ሄደች። ባለሱቁ ያየኛል፣ ጽጌ ታየኛለች። ወረቀቷን ከካርቶኑ አወጣሁ። ጽሑፏ ደቂቅ ነው፣ መነጽሬን ቤት ረስቻለሁ። የሰው ዓይን በዛብኝ።

ምን ላድርግ፣ ብድግ አደረግኩት።

ከበደኝ። «ውሰጂው» አልኳት።