ሰፊው ሕዝብ በአካል የተገኘበት ስብሰባ

የብርድ አምባ ገበሬዎች ማኅበር ሥራ አስፈፃሚ ኮሚቴ ግንቦት 4 ቀን 1982 ዓ.ም. ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ በሚወርደው መንገድ ዳር ባለው የማኅበሩ አዳራሽ፣ ጭጋጉ ገለል እንዳለ ተሰብስቧል።

የተገኙ፦
ጓድ ኃይለ ገብርኤል፣ ሊቀመንበር
ጓድ ፈረጅ፣ ምክትል
ጓድ ብርሃነ መስቀል፣ የፕሮፓጋንዳ ኃላፊ
ወልደ ሰንበት፣ ጸሐፊ

ያልተገኙ፦ ጓድ ዘርአ ዳዊት፣ ገንዘብ ያዥ። በሬ ተውሰው እያረሱ ነው።

በታዛቢነት፦ ወይዘሮ ጠይባ። አልተጠሩም፤ ግን ተቀምጠዋል።

ምልዓተ ጉባኤው አንድ ሰው ስለጎደለው፣ በር ላይ የቆመው የአብዮት ጥበቃ ገብረአብ አንድ እግሩን ወደ ውስጥ እንዲያስገባ ተደርጎ ተሟልቷል።

ሊቀመንበሩ ስብሰባውን ሲከፍቱ፣ ቅይጥ ኢኮኖሚ መታወጁን አስታውሰው፣ ሚስተር ሄንድሪክ የተባሉ የውጭ አገር ባለሀብት ከበግ ፀጉር ምንጣፍ የሚሠራ ፋብሪካ ለማቋቋም ሰሞኑን ቦታ ሊያዩ እንደሚመጡ ገልጸዋል። ጓድ ብርሃነ መስቀል «ባለሀብት ሲባል ያ የምናወግዘው ነው ወይስ ሌላ?» ሲሉ ጠይቀዋል። ሊቀመንበሩ ያው ራሱ እንደሆነ፣ ማውገዙ ግን ከየካቲት ወዲህ እንደቀረ አስረድተዋል።

አጀንዳ 1፦ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ስላለው መፈክር

«ካፒታሊዝም ይውደም» የሚለው ጽሑፍ እንግዳውን ያስቀይማል ተብሎ እንዲጠፋ ሐሳብ ቀርቧል። የጻፉት ጓድ ብርሃነ መስቀል እጅ ጽሑፋቸው ከሚጠፋ ግድግዳው ቢፈርስ እንደሚመርጡ ተናግረዋል። ጓድ ፈረጅ ሁለት ፊደል ብቻ ተቀይሮ «ካፒታሊዝም ይወደድ» እንዲባል ሲያመለክቱ ተጨብጭቧል። ወይዘሮ ጠይባ ሳይፈቀድላቸው «ይወደድ ማለት ዋጋው ይናር ማለት ቢሆንስ? ስኳሩ ተወዶ ያየነው አይበቃም?» ብለዋል። ሊቀመንበሩ ታዛቢ በዓይኑ ብቻ እንደሚታዘብ አሳስበዋል።

ውሳኔ፦ ከረጅም ውይይት በኋላ «ይወደድ» እንዲባል፣ የትኛው መወደድ እንደሆነ ግን እንግዳው እንዲመርጡ ተወስኗል።

አጀንዳ 2፦ ስለ እንግዳው አጠራር

«ጓድ» ቢባሉ እሳቸው ይደነግጣሉ፣ «ጌታዬ» ቢባሉ አብዮቱ ይደነግጣል በሚል ክርክር ተነሥቷል። ጓድ ፈረጅ ሁለቱንም ለማስታረቅ «ጓድ ጌታዬ» የሚል አቅርበው በሙሉ ድምፅ አልፏል። ለልምምድ ሊቀመንበሩ እንግዳ ሆነው ሲገቡ አባላት ተነሥተው «ጓድ ጌታዬ» ብለዋቸዋል። ሊቀመንበሩ ልምምዱ ገና እንዳልበሰለ ገልጸው ደጋግመው ገብተዋል።

አጀንዳ 3፦ ስለ ፋብሪካው ቦታ

ፀጉር ለማጠብ ውሃ ስለሚያስፈልግ ቦታው ወንዝ ዳር መሆን እንዳለበት ታምኗል። ወንዙ ዳር ያሉት ማሳዎች የሊቀመንበሩና የወይዘሮ ጠይባ ናቸው። ሊቀመንበሩ የእሳቸው ዳገት ስለሆነ ለፋብሪካ እንደማይሆን በሐዘን ገልጸዋል። ጓድ ፈረጅ ሁለቱ ማሳዎች በአንድ ዳገት ላይ መሆናቸውን ቢጠቁሙም፣ ዳገቱ የሚጀምረው ከድንበሩ ወዲህ ነው ተብለዋል።

ወይዘሮ ጠይባ ተነሥተው ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚያ ማሳ እንደሆነ፣ የበልጉ ገብስ ዛላ እንደያዘ ተናግረው «ልጆቼ ምንጣፍ ይብሉ?» ሲሉ ጠይቀዋል። ድምፃቸው ስለተሰበረ ቀጥሎ ያሉትን ጸሐፊው አልሰማም። ማንም ቀና ብሎ አላያቸውም። ሊቀመንበሩ መሬት የሰፊው ሕዝብ መሆኑን፣ ሰፊው ሕዝብም ማሳውን በደስታ መስጠቱን አብራርተዋል።

ውሳኔ፦ ከረጅም ውይይት በኋላ ማሳው ለፋብሪካው እንዲሰጥ ተወስኗል። ውይይቱ የረዘመው ሊቀመንበሩ ብቻቸውን ስለተወያዩ ነው።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

ገብረአብ ፈቃድ ጠይቆ፣ መጋዘን ውስጥ የቆለፈባቸው ሁለት ሰዎች ውሃ እንደጠማቸው አሳውቋል። ማን እንደሆኑ ሲጠየቅ፣ አንደኛው ፀጉረ ልውጥ፣ በግ ፎቶ ሲያነሣ መያዙን፣ «ማነህ?» ሲባልም «ባለሀብት ነኝ» ብሎ በአስተርጓሚው አፍ ማመኑን፣ አስተርጓሚውም ስላልካደ አብሮ መቆለፉን አስረድቷል።

ይህ እንደተሰማ ሁሉም ባንድነት ተነሥቶ ወደ መጋዘኑ ሲሮጥ በሩ ላይ ተጣብቋል።

ሚስተር ሄንድሪክ ከነጢማቸው በበግ ፀጉር ተሸፍነው ሲወጡ አባላት «ጓድ ጌታዬ!» ብለው ተቀብለዋቸዋል። አስተርጓሚው አብዱልሀሚድ ይህን መተርጎም እንዳልቻለ ገልጿል። እንግዳው ግን አልተቆጡም። መጋዘኑ ውስጥ ያለው ፀጉር ግሩም እንደሆነ፣ ተኝተውበትም እንዳረጋገጡ ተናግረዋል።

ሊቀመንበሩ ጊዜ ሳይሰጡ ማሳውን በጣታቸው አሳይተው እንግዳው እንዲፈርሙ ጋብዘዋል። እንግዳው መሬቱ የማን እንደሆነ ሲጠይቁ የሰፊው ሕዝብ እንደሆነ ተነግሯቸዋል። እንግዳው «እንግዲያው ከባለቤቱ ጋር ልነጋገር፤ ሰፊው ሕዝብ የት አሉ?» ብለዋል።

አባላት እርስ በርስ ተያይተዋል። ሊቀመንበሩ አመራር ናቸው፤ ምክትሉም አመራር ናቸው፤ ጓድ ብርሃነ መስቀል ሕዝቡን የሚያነቁ እንጂ ሕዝቡ አይደሉም፤ ገብረአብ ተረኛ ነው፤ ጸሐፊው ይጽፋል። ጓድ ፈረጅ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ያለን ሕዝብ እንግዲህ እሳቸው ናቸው» ሲሉ ወደ ወይዘሮ ጠይባ ጠቁመዋል።

ወይዘሮ ጠይባ ሻሻቸውን አስተካክለው ለአብዱልሀሚድ «ሰፊው ሕዝብ እምቢ ብሏል በላቸው፣ ልጄ» ብለዋል። ሊቀመንበሩ «ሥነ ሥርዓት!» ቢሉም፣ አብዱልሀሚድ ተርጉሞ ጨርሶ ነበር። ወይዘሮ ጠይባ ቀጥለው «ፀጉር ከሆነ የፈለጉት ፋብሪካውን ደብረ ብርሃን ይትከሉት። እኛ ሴቶቹ እቤታችን ፈትለን ድሩን እንሸጥላቸዋለን። ወላሂ ከእኛ የተሻለ ፈታይ አያገኙም» ብለዋል። እንግዳው ሐሳቡን ወድደው እጃቸውን ዘርግተዋል። ወይዘሮ ጠይባ እጃቸውን ደረታቸው ላይ ሲያደርጉ፣ እንግዳውም የተዘረጋውን እጅ ሰብስበው እንዲሁ አድርገዋል።

የማጠቃለያ ውሳኔ

ግድግዳው እንዳለ እንዲቆይ፣ እንግዳው አቶ ሄንድሪክ እንዲባሉ፣ ማሳው የወይዘሮ ጠይባ እንዲሆን፣ በጠቅላላው ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር ተወስኗል። ጸሐፊው በዚህ ላይ ረጅም ውይይት አለመደረጉን ሲያስታውስ፣ ሊቀመንበሩ «ተደርጓል ብለህ ጻፍ!» ብለዋል። ተደርጓል።

ከዚህ በኋላ አቶ ሄንድሪክ ወደ ወይዘሮ ጠይባ ግቢ ገብተው እንዝርት ሲሞክሩ ድሩ ተበጥሶባቸው፣ እንዝርቱ ከእጃቸው አምልጦ ቁልቁል ወደ አልዩ አምባ መንከባለል ጀምሯል። ሊያዩ የመጡት የመንደሩ ሴቶች ሳቅ አዳራሹ ድረስ ተሰምቷል። በመጀመሪያ ገብረአብ፣ ቀጥሎ ጓድ ብርሃነ መስቀልና ጓድ ፈረጅ፣ በመጨረሻም ሊቀመንበሩ ሁኔታውን ለማጣራት ወጥተዋል።

ስብሰባው የተዘጋበት ሰዓት አልተመዘገበም። ሰዓት ያሰሩት ሊቀመንበሩ ብቻ ሲሆኑ፣ እሳቸው ካፖርታቸውን ሰብስበው እንዝርቱን ተከትለው ቁልቁል ሲሮጡ ታይተዋል።