ባንክ በር ላይ የታሰረው በሬ

ከአጭበርባሪ የሚከፋ ሰው ካለ፣ ስለ አጭበርባሪ ብዙ ያነበበ ሰው ነው። አጭበርባሪው ገንዘባችሁን ይዞ ይሄዳል፤ ያነበበው ግን አጠገባችሁ ተቀምጦ ያስረዳችኋል። ይህን የምለው ሰው ለማማት አይደለም። ያነበብኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲላ ዩኒቨርሲቲ ልገባ ስል አባዬ በሬያችንን ሊሸጥልኝ ወሰነ። ግቢው ያበላል፣ ያስተኛልም፤ ሳሙና፣ ኮፒ፣ ጫማና ከዲላ ወናጎ መመላለሻ ግን አይሰጥም። ስለዚህ ያ በሬ ለእናንተ በሬ ነው፤ ለእኔ ግን አራት እግር አውጥቶ ጓሯችን ውስጥ ሣር የሚበላ የአንደኛ ዓመት ትምህርቴ ነበር። እሱን ከተበላን እኔም እንሰት ሥር ቁጭ ማለቴ ነው።

"አባዬ፣ ደላላ ከሚበላህ ፌስቡክ ላይ እንለጥፈው" አልኩት።

"በሬውን?"

"ፎቶውን።"

አጠብነው፣ እንሰቱ አጠገብ አቆምነው፣ አነሳነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ለመታወቂያ ከተነሳሁት ፎቶ የእሱ ይሻላል።

መጀመሪያ የጻፈልን አዳማ ነኝ ያለ ሰው ነው። "ባላችሁት ዋጋ ወስጃለሁ። ሹፌር እልካለሁ። ብሩን እንዳስገባ ስልካችሁ ላይ የሚመጣውን ቁጥር ላኩልኝ" ይላል። አባዬ በደስታ መነጽሩን ፍለጋ ገባ። እኔ ግን ቀዘቀዝኩ። እስቲ አስቡት... የበሬውን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ያላየ፣ ሻኛውን ያልነካ፣ "ትንሽ ቀንሱ" እንኳ ያላለ ሰው በሬ ይገዛል? ይህ ሰው የፈለገው በሬውን ሳይሆን ያንን ቁጥር ነው። "መጥተው ይዩትና እንነጋገር" ብዬ መለስኩ። እስከ ዛሬ ድረስ እያሰበበት ነው።

ጉዴ የጀመረው ከዚህ ድል በኋላ ነው። አንድ ሌባ ስላወቅሁ ሌባ ሁሉ የሚታወቀኝ መሰለኝ። ስለ ማጭበርበር የተጻፈውን ሁሉ ከስልኬ ላይ እየለቀምኩ ማንበብ ጀመርኩ። አባዬ ቡና ሲኮተኩት እየተከተልኩ አነበብኩለት። እናቴ ጎመን ስትከትፍ አነበብኩላት። "ይህቺ ልጅ ካምፓስ ሳትገባ ተመረቀች" አለች እናቴ፤ ይህን ያለችው ለእኔ ይሁን ለጎመኑ አልገባኝም።

ከዚያ ጋሽ ከድር መጡ። ዲላ ውስጥ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ ልጃቸውን ሊድሩ በሬ ይፈልጋሉ። በእግራቸው ጓሯችን ድረስ መጡ። ጥርሱን አዩ፣ ሻኛውን ጨበጡ፣ "ይህ እንኳ በሬ አይደለም፣ ጥጃ ነው" ብለው ተቆጡ፣ ትተውን ሄዱ፣ ከመንገድ ተመለሱ፣ እንደገና ተቆጡ። ከዚህ በላይ እውነተኛ ገዢ ከየት ይመጣል? በዋጋ ተስማሙና በማግስቱ ብሩን ከዲላ አስገብተው በአይሱዙ መጡ። መልእክቱ አባዬ ስልክ ላይ ገባ። አባዬ በሬውን ፈታና ገመዱን ሊያቀብላቸው እጁን ዘረጋ። በእኛ አካባቢ ገመዱ እጅ ከለወጠ ሽያጩ አበቃ።

"አባዬ፣ ገመዱን እንዳትሰጥ" አልኩ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ።

"ልጄ፣ መልእክቱ ደርሷል እኮ" አሉ ጋሽ ከድር።

"ጋሼ፣ መልእክት ማንም ይጽፋል። ባንክ ሄደን ሒሳቡን እንይ። በሬውም ይምጣ፤ ርክክብ ሰው በሚበዛበት ቦታ ነው የሚመከረው።"

ጋሽ ከድር አባዬን አዩት። አባዬ መሬት አየ። በሬውን እየነዳን ወናጎ ገባን።

ባንኩ በር ላይ ጥበቃው እጁን ዘረጋ። "ከብት አይገባም።"

"አይገባም፤ እዚሁ ይታሰራል" አልኩ።

"ታዲያ ለምን መጣ?"

"የመጣነው በእሱ ጉዳይ ነው።"

ጥበቃው በሬውን ከላይ እስከ ታች አየው። "ደብተር አለው?"

በሬውን ደጅ ካለው ዛፍ ላይ አስረን ወደ ውስጥ ዘለቅን። ሲስተም የለም ተባልን።

"መቼ ይመጣል?" አልኩ።

"እሱን ሲስተሙ ነው የሚያውቀው" አለች ገንዘብ ከፋይዋ።

ወጥተን ቆምን። ጋሽ ከድር ጥቂት ታገሡ። ከዚያ ቀስ ብለው የገመዱን ጫፍ ከዛፉ ፈቱና ያዙ። አባዬም ከበሬው ቀንድ የተረፈውን ሌላውን ጫፍ ያዘ። በሬው መሃል ቆሞ ያመሰኳል።

"እንግዲህ ልጄ አስረጂኝ" አሉ። "ብሬ ከእኔ ወጥቷል። በሬው እናንተ ጋ ነው። እኔ ጋ ያለው ምንድን ነው?"

"ትዕግሥት ነው፣ ጋሼ።"

አባዬ ጎሮሮውን ጠረገ። ያልኩት ነገር ጥሩ እንዳልነበረ ከጠራረጉ ገባኝ።

ሰው መሰብሰብ ጀመረ። ወናጎ ውስጥ ሁለት ሰው አንድ ገመድ ይዞ ከቆመ ማንም ዝም ብሎ አያልፍም። አንድ ባለባጃጅ ሞተሩን አጠፋና "ምን ሆነው ነው?" አለ።

"ልጅቷ ብሩን ተቀብላ በሬውን አልሰጥም ብላ ነው" አለችው አቮካዶ የምትሸጥ ሴት።

ይህን ስሰማ ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ባንኩ ደረጃ ላይ ወጣሁ። ሐሰተኛ መልእክት እንዴት እንደሚላክ፣ የውሸት ደረሰኝ እንዴት እንደሚሠራ፣ የሰው የምስጢር ቁጥር በምን ዘዴ እንደሚወሰድ አንድ በአንድ አስረዳሁ። ሕዝቡ ጸጥ ብሎ ሰማኝ። ደስ አለኝ፤ የገባቸው መሰለኝ።

"ይህን ሁሉ ከየት አወቀችው?" አለ ባለባጃጁ።

"ካምፓስ ልትገባ ነው አሉ" አለች አቮካዶ ሻጯ።

"ሳትገባ እንዲህ ከሆነች..."

ከኋላ አንድ ሽማግሌ "ፖሊስ ጥሩ" አሉ። አባዬ ያን ጊዜ በጆሮዬ እንዲህ አለኝ፦ "አስቴር፣ በዚህ ገበያ ከብት ስሸጥ ነው ያረጀሁት። ሰው እንዲህ ከቦኝ አያውቅም።" ድምፁን ከፍ አላደረገም። ከፍ ቢያደርግ ይሻለኝ ነበር። ትምህርቴን ላተርፍ ብዬ የአባቴን ስም ደጅ አስሬዋለሁ።

ደግነቱ ጥበቃው ብቅ ብሎ "የበሬው ሰዎች! መጥቷል" አለ።

ብሩ ገብቷል። ሙሉ በሙሉ፣ ጋሽ ከድር ባሉት ሰዓት። እኔም ከፋይዋን "እርግጠኛ ነሽ?" ብዬ ጠየቅኋት፤ መልስ ሳትሰጠኝ የኮምፒዩተሩን ፊት ወደ እኔ አዞረችልኝ። ከዚያ በኋላ አባዬ ገመዱን ሰጠ፣ ይቅርታም ጠየቀ፤ እኔም ጠየቅሁ። ጋሽ ከድር በሬውን አይሱዙው ላይ አስጭነው ሲያበቁ ወደ አባዬ ዞረው በስሙ ጠሩት።

"በራሶ፣ አልተቀየምኩም። የማዝነው ይህቺን ልጅ ቀደም ብዬ ባለማግኘቴ ነው። የልጄን ባል ታጣራልኝ ነበር።"

ገንዘባችን ዳነ። ትምህርቴም ዳነ። እኔም ዲላ ገባሁ። ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ምክር ይሆን ነበር፤ ግን አባዬ የነገርኩትን ሁሉ አምኗል።

ባለፈው ሳምንት ስልኬ የልብስ ማጠቢያ ባልዲ ውስጥ ወደቀ። የኮፒ ገንዘብም አልቆብኝ ስለነበር በዶርም ጓደኛዬ ስልክ ደወልኩለት።

"አባዬ፣ አስቴር ነኝ።"

"አስቴር በዚህ ቁጥር አትደውልም።"

"ስልኬ ተበላሽቶ ነው። ትንሽ ብር በዚህች በጓደኛዬ ሒሳብ ላክልኝ፤ ለነገ ያስፈልገኛል።"

አባዬ ካነበብኩለት ዝርዝር መቁጠር ጀመረ።

"በማላውቀው ሰው ሒሳብ፣ ለነገ፣ ስልክ ተበላሽቶ..." አለ። "ልጄ እንዲህ እንደምትሉ ነግራኛለች።"

"ድምፄን አታውቀውም እንዴ?"

"ድምፅሽ በጣም ይመስላል። ጎበዝ ነሽ።" ከዚያ ድምፁ ለስለስ አለ። "ስሚኝ የኔ ልጅ፣ ገና ልጅ ነሽ። ይህን ሥራ ተዪ። የእኔዋ በእድሜ አንቺን ታክላለች፤ ተምራ ነው የምታድረው። እግዚአብሔር ልብ ይስጥሽ።" ዘጋው።

የበሬዬ ዋጋ ባንክ ውስጥ በሰላም ይኖራል፤ ከሌባ ሁሉ ተጠብቋል፣ ከእኔም ጭምር። ከጓደኛዬ የትራንስፖርት ተበድሬ በሚኒባስ ወናጎ ሄድኩ። አባዬን በር ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ፊቴን አየ፣ ጫማዬን አየ፣ ሊያቅፈኝ እጁን ዘርግቶ መሃል ላይ አቆመው።

"ለማንኛውም" አለ፣ "መታወቂያ ይዘሻል?"

ይዣለሁ። ከነኮፒው።