የመቻል ጥፍር መቁረጫ

ሚስቱን ሲመርጥ ያላመነታ ሰው ለውሻው ጥፍር መቁረጫ ሲጨነቅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የየካ አባዶው ጎረቤቴ ዳዊት፣ መቀስ መሳዩ ይሻላል ወይስ መሞረጃው እያለ ወር ሙሉ ቪዲዮ አየ። እሱ ሲያጠና፣ አራተኛ ፎቅ ላይ የታሰረው ውሻው መቻል ጥፍሩ ታጥፎ መዳፉን ወጋውና ማነከስ ጀመረ።

ዳዊት ጨነቀውና ወደ ዘበኛችን ወረደ። ዕጣ ደርሶን የገባንበት ሕንፃ የቆመው በእኚሁ ሰው የጤፍ ማሳ ላይ ነው።

«ጋሽ ቶሎሳ፣ እርስዎ የውሾችዎን ጥፍር በምን ነበር የሚቆርጡት?»

«ምን ቆርጬ! ሲሮጡ መሬቱ ይሞርድላቸው ነበር።»

«በቃ፣ እኔም መሬት ላይ ላስሩጠው!»

ጋሽ ቶሎሳ የተደረደሩትን ሕንፃዎች ቀና ብለው አዩ።

«አስሩጠው ልጄ። መሬት ካገኘህ ለእኔም ንገረኝ።»