በመጀመሪያው ገቢር የታረቀ ቲያትር

ወንድምና እህት ማለት እግዜር ሳትጠይቁት በነጻ የሚሰጣችሁ ባላንጣ ነው። ጎረቤት ቢያስቸግራችሁ ቤት ትቀይራላችሁ። ጓደኛ ቢያስቸግራችሁ ስልኩን አታነሱም። ታላቅ ወንድምን ግን ምን ታደርጉታላችሁ? እንዲህ ስላችሁ የቤተሰቤን ጉድ ላወራ መስሏችሁ ጆሯችሁን እንዳታቆሙ... የማወራው ስለ ቲያትር ነው።

እኔ ጋምቤላ ከተማ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ደግሞም የጥበብ ፍቅር አለብኝ፤ እዚህ ከተማ ደግሞ ፍቅርም ሆነ ውሃ በቀላሉ አይበርድም። እንደኔ ያሉ ጥቂት የጥበብ ሕመምተኞች ተሰብስበን ቅዳሜ ቅዳሜ ስንለማመድ ከርመን አንድ ዘመናዊ ኮሜዲ አዘጋጀን። አባታቸው የሞተባቸው ሦስት ጎልማሳ ወንድምና እህት በአንድ አሮጌ ፍሪጅ ይጣላሉ። በመጀመሪያው ገቢር ይነታረካሉ፣ በሁለተኛው ይካሰሳሉ፣ በሦስተኛው ፍሪጁን ሲሰኩት ለካ አይሠራም! ያኔ ታላቅ ወንድም ብቻውን መድረክ ላይ ቀርቶ ድንጋይ የሚያስለቅስ ረጅም ንግግር ያደርጋል። ድርሰቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የታላቅ ወንድምን ቦታ ለማን እንደሰጠሁት ልንገራችሁ ወይስ ገባችሁ?

ታናሽ እህቴን የምትጫወተው ኛቦል ናት፤ ትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ትሠራለች። የመጨረሻው ልጅ ደግሞ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ የሚጭነውና የሚያወርደው ኡጁሉ ነው። ፍሪጁን ያዋሱን ቀዝቃዛ መጠጥ የሚሸጡት ወይዘሮ ዘነበች ናቸው። አንድ ዓይን ያላት በአፈር አትጫወትም እንደሚባለው፣ ሴትዮዋ ያላቸው ፍሪጅ ያ ብቻ ስለሆነ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ሊጠብቁት ወስነዋል።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። ባለቤቴ ሰብለ ነርስ ናት፤ እስከዛሬ አንድም ቲያትሬን አላየችም። "ሆስፒታል ስጮህና ሲጮህብኝ ውዬ ደግሞ ያንተን ጩኸት ልስማ?" ትለኛለች። ዘንድሮ ግን ለምኜ ለምኜ እሺ አለች፤ እሺታዋ ውል ነበረበት።

"ወይ አስቀኝ፣ ወይ አስለቅሰኝ። ሁለቱም ካልሆነልህ ቲያትሩ ይቅርና ቅዳሜን ከእኔና ከልጆችህ ጋር ትውላለህ።"

ተስማማሁ። የሦስተኛው ገቢር ንግግር አለኝ ብዬ ነዋ። ላም አለኝ በሰማይ!

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። መጋረጃው ተገልጦ በመልክ ጭራሽ የማንመሳሰለው ሦስታችን ለቅሶ ላይ እንደተቀመጥን ታየን። ከፊት አንዱ፣ "ሦስቱም ከአንድ አባት?" ሲል ሰማሁት። ጎረቤቱ አሰብ አድርጎ፣ "አባትየው ሹፌር ነበር መሰለኝ" አለው። በሌሎቹ ዘንድ ይህ ማብራሪያ በቂ ሆኖ ተገኘና ቲያትሩ ቀጠለ።

የፍሪጁ ጠብ ሲጀመር ሳቅ ጠበቅሁ። ምንም የለም። ኛቦል ፍሪጁን አቅፋ "እኔ ነኝ አባዬን ያስታመምኩት" ስትል ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ኡጁሉ "ሁልጊዜ ለታላቅ፣ ሁልጊዜ ለታላቅ" ሲል ወጣቶቹ በንዴት አጉረመረሙ። ያኔ ነው የገባኝ። በዚህ ሙቀት ፍሪጅ ርስት ነው። እኔ ኮሜዲ ብዬ የጻፍኩት ለካ የመሬት ክርክር ኖሯል። ሰብለን አየኋት፤ በቲያትሩ የጥሪ ወረቀት ፊቷን ታራግባለች።

ድርሰቱ እንደሚያዘው ኡጁሉ ኮሌታዬን ጨመደደ። ይኼኔ ከፊት ረድፍ አቶ ኡባላ ተነሡ። አቶ ኡባላ የቤተክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ በከተማችን የተጣላ ሁሉ መጨረሻው እሳቸው ጋ ነው። የተቀመጡበትን የፕላስቲክ ወንበር ይዘው መድረኩ ላይ ወጡና በመሀላችን አስቀመጡት።

"ተው። ልቀቀው። የአባታችሁ አፈር አልደረቀም" አሉ።

ጎንበስ ብዬ፣ "አቶ ኡባላ፣ ቲያትር ነው እኮ" አልኳቸው በሹክሹክታ።

"አውቃለሁ ቲያትር ነው። ቲያትር ውስጥ ሽማግሌ የለም?"

ኮሌታዬን ከኡጁሉ እጅ አላቅቄ ቀና አልኩ።

"ሦስት ሰው እንዲህ ሲጣላ ሽማግሌ ያልመጣ የት አገር ነው? ቲቸር፣ ድርሰትህ ጎደሎ ነው። ቁጭ በል።"

ተቀመጥኩ። ምን ላድርግ? እውነታቸውን ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ስጽፍ ስሰርዝ አንድ ሽማግሌ አላስታወስኩም ነበር። አዳራሹ አጨበጨበ፤ ሌሎች ሁለት አዛውንቶችም ወንበራቸውን ይዘው ወጡ።

ጥያቄው ተጀመረ። ኛቦል ቲያትር ነው ብላ የምታስቆማቸው መስሏችሁ ነበር? እሷማ የተሻለ አገኘች።

"ይሄ ታላቃችን በጣም ይጮሃል" አለች። "ልምምድ ላይ ራሱ ውሃ ልጠጣ ስል ይቆጣኛል።"

ኡጁሉም አልተኛም። "እኔ ሻንጣ ስሸከም ውዬ እመጣለሁ። አሁን ደግሞ ፍሪጁን አንተ ብቻህን ተሸከም አለኝ" ብሎ ትከሻውን አሳየ። አዛውንቶቹ በየተራ ትከሻውን ነክተው አዘኑ።

ምክክሩ አጭር ነበር። አቶ ኡባላ ተነሥተው፣ "ፍሪጁ ለእህት ይሁን። አባቷን ያስታመመች እሷ ናት" አሉ።

ወይዘሮ ዘነበች ከመቀመጫቸው ዘለሉ። "የማንን ፍሪጅ ነው ለማን የምትሰጡት? የእኔ ነው ፍሪጁ!"

አዳራሹ ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ከዚያ ከኋላ አንዱ በትልቅ ድምፅ፣ "ሹፌሩ እዚህም ሚስት ነበረው!" አለ።

አንባቢ ሆይ፣ እንደዚያ ዓይነት ሳቅ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ሰው ከወንበር ወደቀ። ወይዘሮ ዘነበች "የማንም ሚስት አይደለሁም" ባሉ ቁጥር ሳቁ ባሰ። እኔ ግን የምፈልገው የአንድ ሰው ሳቅ ነበርና ወደ ሰብለ ዞርኩ። ወንበሯ ባዶ ነው። ከሆስፒታል ተደውሎላት ስልክ ልታናግር ወጥታ ነበር።

ስትመለስ ሦስታችን ተቃቅፈን አቶ ኡባላ እየጸለዩ ነው። አሜን ከተባለ በኋላ ሁለተኛውን ገቢር ለማስጀመር ብድግ ብዬ፣ "ፍሪጁን ለማንም አልሰጥም!" አልኩ።

"ቲቸር፣ ታርቀሃል" አሉኝ አቶ ኡባላ።

"ገና ሁለት ገቢር ይቀራል..."

"ታርቀሃል!" አለ አዳራሹ በአንድ ድምፅ። ሕዝቡም የልቡ ደርሶ እየተመራረቀ ወጣ። ወይዘሮ ዘነበች ፍሪጃቸውን በጋሪ አስጭነው ከሁሉም ቀድመው ሄደዋል። ባዶው መድረክ ላይ ቆሜ፣ ያንን ንግግሬን ታቅፌ፣ የምር ከፋኝ።

ወደ ቤት በባጃጅ ስንመለስ ሰብለ፣ "እንግዲህ አላሳቅከኝም፣ አላስለቀስከኝም" አለች።

"ዋናውን ንግግር መቼ ሰማሽ?"

"በል እስኪ በለው።"

ባጃጅ ውስጥ መቆም የሚቻለውን ያህል ቆምኩ። እጄን ዘረጋሁ። "ይህን ሁሉ ዓመት ችዬ ዝም አልኩ! ከዛሬ ጀምሮ ግን ይህን ቤት አልረግጥም!"

ባጃጁ ጥግ ያዘ። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተና ወደ እኛ ዞረ።

"ቲቸር፣ ሰው ፊት ሚስት ላይ አይጮህም።"

"ወንድሜ፣ ቲያትር ነው።"

"ሁሉም ሲያዝ እንደዚያ ይላል። እህቴ፣ አንቺ ንገሪኝ፤ ምን በደለሽ?"

ሰብለ ወደ እኔ አየች፤ ወደ ሾፌሩ አየች። አላፈረችም።

"ቅዳሜ ቅዳሜ ቤት አይውልም" አለች።

"የት ይሄዳል?"

"ኛቦል ከምትባል ሴት ጋር ነው የሚውለው።"

ሾፌሩ ያየኝን አስተያየት ልነግራችሁ አልችልም። "ኡጁሉም አለ" ብዬ ልከላከል ብሞክር ጭራሽ ነገሩን አበላሸሁት። ግራ ቀኙን ሰምቶ ፈረደ፦ ከእንግዲህ ቅዳሜ ቤት እውላለሁ፤ አሁኑኑም ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ያለዚያ ባጃጁ አይንቀሳቀስም። በዚያ ሐሩር በእግር ልሄድ? "ይቅርታ" አልኩ።

ይኼኔ ሰብለ ፈነዳች። የባጃጁን ብረት ይዛ፣ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ፣ ትንፋሽ እስኪያጥራት ሳቀች።

"ይኸው ሳቅሽ! ይኸው እንባሽ! አሸነፍኩ!" አልኳት።

"አሸንፈሃል" አለች ዓይኗን እየጠረገች። "ግን ሽማግሌ ፈርዷል። ምን ልታደርግ ነው፣ የሽማግሌ ቃል ልትጥስ?"

ይህን ወግ የምጽፍላችሁ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ጓዳ ቁጭ ብዬ፣ በየመሀሉ ሽንኩርት እየላጥኩ ነው። እንባዬ ይወርዳል። መቼም ድርሰቱ የሚያስለቅስ እንደሆነ ከመጀመሪያውም ተናግሬ ነበር።